ከአባቱ ጋራዥ የተነሣው ብሩስ ማክላረን

በእሽቅድምድም መኪና ዓለም ስማቸው የገነነ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም አብዛኛዎቹ ሌላ ሰው ሠርቶ ያዘጋጀውን መኪና ተቀብለው በመንዳት የታወቁ ናቸው። መኪናውን ራሱ ፈትቶ፣ ራሱ አሻሽሎ፣ ራሱ ነድቶ፣ በመጨረሻም በገዛ ስሙ አሠርቶ ድል ያደረገ ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከእነዚህም ጥቂቶች አንዱ የኒውዚላንድ ተወላጅ የነበረው ብሩስ ማክላረን ነው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ እርሱ ለመጻፍ የመረጥሁት፣ ታሪኩ ለመኪና ወዳጆች ብቻ ሳይሆን በክፍል የተማረውን በእጁ ሥራ ለመፈተን ለሚሻ ተማሪ ሁሉ የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ነው። ዘመኖቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

ብሩስ ማክላረን ነሐሴ 30 ቀን 1937 በኒውዚላንድ አገር በኦክላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሌስ፣ እናቱም ሩት ይባላሉ። ወላጆቹ ሬሙኤራ በሚባለው የከተማው ክፍል ቤንዚን ማደያና የመኪና መጠገኛ ጋራዥ ነበራቸው። አባቱ በወጣትነቱ በሞተር ቢስክሌት ይሽቀዳደም የነበረ ሰው ስለሆነ፣ በቤታቸው ከማዕድ ላይ የሚነሣው ወሬ ብዙውን ጊዜ ስለ ሞተር ነበር። እንግዲህ ሕፃኑ ከዘይትና ከቤንዚን ሽታ ጋር፣ ከመፍቻና ከመዶሻ ድምፅ ጋር አብሮ አደገ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ከባድ መከራ ደረሰበት። ፐርቴስ የሚባለው የዳሌ አጥንት በሽታ ያዘው። ይህ በሽታ ወደ ጭን አጥንት ራስ የሚሄደው ደም ሲጓደል አጥንቱ እየሰለለ ቅርጹ የሚለወጥበት ሕመም ነው። በዚያ ዘመን የነበረው ሕክምና አጥንቱ የሰውነት ክብደት እንዳያርፍበት አድርጎ ሕፃኑን ለረጅም ጊዜ ማስተኛት ስለ ነበረ፣ ብሩስ ታካፑና በሚባለው ስፍራ በሚገኘው የዊልሰን የሕፃናት መታከሚያ ገብቶ፣ እግሮቹ በማሰሪያ ተወጥረው ሁለት ዓመት ያህል ተኛ። ባልንጀሮቹ በሜዳ ሲሯሯጡ እርሱ ጣራ እያየ ይውል ነበር። ዳግመኛ መራመድ መቻሉም ያጠራጥር ነበር። ሆኖም ዳነና ተነሣ፤ ግራ እግሩ ግን ከቀኙ አጥሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ እያነከሰ ይሄድ ነበር። በትምህርት ቤት ከጓደኞቹ ጋር እንደ ልቡ ኳስ ለመጫወት ያልቻለው ይህ ልጅ፣ እግር ከማያነሰው ስፖርት ላይ ልቡን ጣለ። ያም መኪና ነበር።

ብሩስ ዕድሜው ወደ ዐሥራ አምስት ሲጠጋ አባቱ አንድ አሮጌ ኦስቲን ሰባት መኪና ገዛ። ይህች መኪና በ1929 የተሠራች ኡልስተር የተባለችው የስፖርት ዓይነት ስትሆን፣ የተገዛችው ግን እየተነዳች ሳይሆን ተበታትና በየሣጥኑ ተጭና ነበር። አባቱ አሳድሶ ለመሸጥ አስቦ ኖሮ ልጁ አጥብቆ ስለ ለመነው፣ በጋራ ሊሠሩዋት ተስማሙ። ሥራውም አንድ ዓመት ያህል ፈጀ። ብሩስ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን አስቀምጦ ወደ ጋራዡ ይወርድ ነበር። አባትየው ያሳየዋል፤ ልጅየው ይሠራል፤ ያልሆነውን ፈትቶ እንደገና ይገጥማል።

ኦስቲን ሰባት ምን ዓይነት መኪና እንደሆነች ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ የማክላረን ዕውቀት መሠረት እርስዋ ናትና። ይህች መኪና መጀመሪያ የወጣችው በ1922 በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ገንዘቡ ጥቂት ለሆነ ቤተሰብ ታስባ የተሠራች ነበረች። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር ሆኖ መጠኑ 747 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ይህም ከአንድ ሊትር በታች ማለት ነው። ክራንክሻፍቱ የተደገፈው በሁለት ጫፎቹ ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ በብርቱ ፍጥነት ሲሽከረከር በመካከሉ ይለመጣል፤ ብዙ ከተጨቆነም ይሰበራል። ፍሬኑ የሚሠራው እንደ ዛሬው በዘይት ግፊት ሳይሆን በገመድ ነበርና፣ በየጊዜው ካልተስተካከለ በስተቀር አንዱ ጎማ ሲይዝ ሌላው አይዝም። ሻንሲዋም ቀጭንና ተለማጭ ነበር።

እንዲህ ያለችውን ደካማ መኪና ለውድድር ማብቃት ምን ይጠይቃል? ማንም ጀማሪ በመጀመሪያ የሚያስበው ኃይል መጨመርን ነው። የሞተሩ ቴስታታ ተሞርዶ የእሳቱ ክፍል ቢጠብብ፣ የተቀላቀለው ቤንዚንና አየር ይበልጥ ይታመቃል፤ ሲቃጠልም ፒስተኑን በበለጠ ኃይል ይገፋዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የተጨመረ ኃይል ዕዳ ይዞ ይመጣል። ሙቀቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ራዲያተሩ መጽዳትና መጠናከር አለበት። ጭነቱ በክራንክሻፍቱና በኩሽኔቶቹ ላይ ይበረታል፤ ስለዚህ ዘይቱ ንጹሕና በቂ መሆን አለበት። መኪናዋ ስትፈጥን ማቆሙ ይከብዳል፤ ስለዚህ ፍሬኑ ከሞተሩ አስቀድሞ መታየት አለበት። ወጣቱ ብሩስ አንዱን ክፍል ያሻሻለ ሰው ሌሎቹን ሁሉ መመልከት እንዳለበት የተማረው በዚህች በትንሿ መኪና ላይ ነው። በኋላ ዘመን ትልልቅ መኪናዎችን ሲያሠራም ከዚህ ሥርዓት አልወጣም።

መኪናዋ እንደ ተጠናቀቀች በቤታቸው ጓሮ በፍሬ ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ መሪውን መልመድ ጀመረ። በዚያ አገር ሕግ ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችል ስለነበር፣ ፈቃዱን ተቀብሎ በ1952 በሙሪዋይ የባሕር ዳር ኮረብታ ላይ በተደረገው የዳገት እሽቅድምድም ተወዳደረ። ይህ የመጀመሪያው ውድድሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብሩስ ትምህርቱን አልተወም። በሴደን መታሰቢያ ቴክኒክ ኮሌጅ ከተማረ በኋላ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ጀመረ። በቀን ስለ ብረት ጥንካሬና ስለ ኃይል ስሌት ይማራል፤ በማታና በዕረፍት ቀን ያንኑ በመኪናው ላይ ይሞክራል። ከኦስቲን ሰባት ወደ ፎርድ፣ ከፎርድ ወደ አባቱ ኦስቲን ሂሊ፣ ከዚያም ኩፐር ወደሚባለው የእንግሊዝ የእሽቅድምድም መኪና ተሸጋገረ። በዚህ ጊዜ የአውስትራሊያው ታላቅ ነጂ ጃክ ብራባም የማክላረንን ቤተሰብ ወዳጅ ሆኖ ነበርና፣ የልጁን ትጋት አይቶ ረዳው። የኒውዚላንድ የእሽቅድምድም ማኅበር በየዓመቱ አንድ ተስፋ ያለው ወጣት ነጂ ወደ አውሮፓ ለመላክ ዕቅድ ባወጣ ጊዜ፣ በ1958 የመጀመሪያው ተመራጭ ብሩስ ማክላረን ሆነ። ስለዚህም የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዘ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ኑርቡርግሪንግ በሚባለው የጀርመን መንገድ የተደረገው ታላቅ ውድድር ለብሩስ ብርቱ ፈተና ነበረ። መንገዱ በተራራና በጫካ መካከል የሚጠማዘዝ፣ ዙሩ ከ22 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ እጅግ አስፈሪ መንገድ ነው። ብሩስ ይነዳ የነበረው የሁለተኛ ፎርሙላ የተባለውን አነስተኛ ሞተር ያለውን መኪና ሲሆን፣ ከትልልቆቹ ጋር ተቀላቅሎ ሲወዳደር በጠቅላላው አምስተኛ፣ ከብጤዎቹም አንደኛ ወጣ። ዕድሜው ገና ሃያ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

የኩፐር ኩባንያ በ1959 ከብራባም ጋር በአንደኛው ፎርሙላ እንዲነዳ ቀጠረው። የኩፐር መኪናዎች ሞተራቸው ከነጂው በስተኋላ የተቀመጠ ነበር። ይህም አሠራር ክብደቱን ወደ መካከል ስለሚሰበስብና መኪናውን ቀላል ስለሚያደርግ፣ በዚያ ዘመን ሞተራቸው ከፊት የነበሩትን ትልልቅ መኪናዎች በልጦ የእሽቅድምድሙን ዓለም ለወጠው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1959 በአሜሪካ አገር በሴብሪንግ በተደረገው የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ላይ ብራባም ይመራ ነበር፤ ብሩስም ይከተለው ነበር። በመጨረሻው ዙር የብራባም ቤንዚን አለቀ። ብሩስ አልፎት ሄደና ተከታዩን ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ቀድሞ አሸነፈ። ብራባምም መኪናውን በእጁ እየገፋ አራተኛ ሆኖ ገባና የዓለም ሻምፒዮንነቱን አገኘ። ብሩስ ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ ሁለት ዓመት ከ104 ቀን ነበር። ከዚህ በታች በሆነ ዕድሜ የግራን ፕሪ ውድድር ያሸነፈ ሌላ ነጂ በአውሮፓ ፎርሙላ እስከ 2003 ድረስ አልተገኘም። በ1960 ደግሞ የአርጀንቲናን ውድድር አሸንፎ በዓለም ሻምፒዮና ከብራባም ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ። በ1962 የሞናኮን ውድድር አሸነፈ።

ማክላረን ግን በሰው መኪና ማሸነፍ ብቻ አላረካውም። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ለሚደረገው የታስማን ውድድር የሚስማማ መኪና እንዲሠራ ፈልጎ፣ የኩፐር ኩባንያ ግን ሐሳቡን ስላልተቀበለው፣ በ1963 በገዛ ስሙ አንድ አነስተኛ ኩባንያ አቋቋመ። በዚያም የ1964ን የታስማን ሻምፒዮንነት አገኘ። ይሁን እንጂ ደስታው ከኀዘን ጋር የተቀላቀለ ነበር። ጓደኛውና የቡድኑ ሁለተኛ ነጂ የነበረው አሜሪካዊው ቲሚ ሜየር በየካቲት 28 ቀን 1964 በታስማንያ በሎንግፎርድ ሲለማመድ ተጋጭቶ ሞተ። ማክላረን በዚያን ጊዜ ለወዳጁ የጻፈው የስንብት ቃል ከጊዜ በኋላ ስለ ራሱም የሚነገር ሆነ። የሟቹ ወንድም ቴዲ ሜየር በኀዘን ሥራውን ትቶ አልሄደም፤ የማክላረን የቅርብ አጋር ሆኖ ቀረ።

አሁን አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር እናገራለሁ። ማክላረን በ1964 ዘሬክስ ስፔሻል የሚባለውን መኪና ከአሜሪካ ገዛ። ይህ መኪና ቀድሞ የኩፐር ፎርሙላ መኪና ሆኖ ተጋጭቶ የተበላሸ፣ ከዚያም ሮጀር ፔንስኪ የተባለው አሜሪካዊ አሳድሶ የስፖርት መኪና አካል ያለበሰው ነበር። ማክላረን ከአሜሪካ የመጣ ከአልሙኒየም የተሠራ ባለ ስምንት ሲሊንደር የኦልድስሞቢል ሞተር ሊገጥምበት አሰበ። ነገር ግን ሞተሩን አንስቶ ዝም ብሎ አልጫነበትም። የቧንቧ ሻንሲው ያን ያህል ጉልበት ሊሸከም እንደማይችል ስላወቀ፣ መካከሉን ቆርጠው አውጥተው በጠንካራ አዲስ ሻንሲ ተኩለት። ይህ ሁሉ የተሠራው በለንደን አጠገብ በኒው ሞልደን በአንዲት ጠባብ መጋዘን ውስጥ ነበር። ወለሉ አፈር ሲሆን፣ መጋዘኑንም ከአንድ የመንገድ መጥረጊያ ግሬደር ጋር ይካፈሉ ነበር። ከዚያ አፈር ላይ የተነሣው መኪና በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በካናዳ በሞስፖርት አሸነፈ። ከዚህም በተገኘው ልምድ የመጀመሪያው የማክላረን የስፖርት መኪና ተሠራ።

ስለ ብሩስ የመመልከት ችሎታ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አንድ ቀን መኪና ሲሞክር የቤንዚን መሙያው ትንሽ ክዳን በፍጥነት ጊዜ እየተከፈተ ሲዘል አየ። ነፋሱ ከላይ ሊጫነው ሲገባ ለምን ይነሣል ብሎ አሰበ። ከክዳኑ በታች የታመቀ አየር እንዳለ ገባው። ወዲያው አቁሞ የላሜራ መቁረጫ መቀስ አምጥቶ ከራዲያተሩ በስተኋላ ያለውን የመኪናውን አካል ቀደደው። የታመቀው አየር መውጫ አገኘ፤ መኪናውም ከቀድሞው ይልቅ በፈጠነ ጊዜ ዞረ። ብዙ ሰው የሚንቀሳቀሰውን ክዳን አይቶ በሽቦ አስሮ ያልፈው ነበር። እርሱ ግን ክዳኑን ምን እንዳስነሣው ጠየቀ።

በሰኔ 1966 ከአገሩ ልጅ ከክሪስ ኤመን ጋር ሆኖ በፈረንሳይ አገር በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ በፎርድ መኪና ተወዳደረ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የጎማቸው ልባስ እየተቦጨቀ አስቸገራቸው። ጎማውን በሌላ ኩባንያ ጎማ ለውጠው ያለማቋረጥ በመንዳት ከ4,800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አሸነፉ። ሰባት ሊትር ሞተር ያለው መኪና እንኳ ጎማው ከከዳው ምንም እንደማይረባ ይህ ውድድር አሳየ።

በዚያው ዓመት በሞናኮ በራሱ ስም የተሠራውን የመጀመሪያውን የፎርሙላ መኪና ይዞ ቀረበ። ሞተሩ ከባድና ጩኸታም ነበር፤ ዘይትም አፍስሶ ከጥቂት ዙር በኋላ ቆመ። ማክላረን ግን ተስፋ አልቆረጠም። ሰኔ 9 ቀን 1968 በቤልጅግ አገር በስፓ የገዛ ስሙን በያዘው መኪና የዓለም ሻምፒዮና ውድድር አሸነፈ። በፊቱ ይመራ የነበረው ጃኪ ስቱዋርት ቤንዚን ስላለቀበት ወደ ጎን ወጥቶ ነበርና፣ ማክላረን ራሱ አንደኛ መሆኑን ያወቀው ከውድድሩ በኋላ ሰዎች ሲነግሩት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው ግን ካን አም በተባለው በካናዳና በአሜሪካ በሚደረገው የትልልቅ ስፖርት መኪናዎች ውድድር ነው። የአገሩ ልጅ ዴኒ ሀልም የቡድኑ ጓደኛ ነበር። ብሩስ በ1967 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1968 ሀልም ሆነ፤ በ1969 ደግሞ ከተደረጉት 11 ውድድሮች ዐሥራ አንዱንም የማክላረን መኪናዎች አሸነፉ። ብሩስ ስድስቱን፣ ሀልም አምስቱን ነው። የዚህ ድል ምሥጢር የሞተር ጉልበት ብቻ አልነበረም። ሌሎቹ ቡድኖች መኪናቸውን ወደ ውድድሩ አድርሰው እዚያ ሲጠግኑ፣ የማክላረን ቡድን ግን አስቀድሞ በእንግሊዝ በጉድውድ ሜዳ ለብዙ ቀን ሲነዳ፣ የተሰበረውን ሲለውጥ፣ የላላውን ሲያጠብቅ ይከርም ነበር። በውድድር ቀን የሚሰበረው ዕቃ በሙከራ ቀን ተሰብሮ አልቋል ማለት ነው።

ማክላረን በ1961 ፓቲ የተባለችውን የአገሩን ልጅ አግብቶ በ1965 አማንዳ የተባለች ሴት ልጅ ወልዶ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ እንደ ጌታ ሳይሆን እንደ ወንድም ያዩት ነበር ይባላል። የጎደለውን ሰው ሳይዘልፍ፣ ከመካኒኮቹ ጋር እጁን በዘይት አርሶ ይሠራ ነበርና።

ሰኔ 2 ቀን 1970፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 25 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ማክላረን ለዚያ ዓመት የተዘጋጀውን አዲስ የካን አም መኪና በጉድውድ ሜዳ ይሞክር ነበር። በቀጥታው መንገድ በታላቅ ፍጥነት ሲሄድ የመኪናው የኋላ አካል ተነቅሎ ወጣ። ይህ አካል መኪናውን በነፋስ ግፊት ወደ መሬት የሚጫነውን ክንፍ የተሸከመ ስለ ነበረ፣ መኪናው የመሬት ቁንጠጣውን አጥቶ ተሽከረከረና ከመንገድ ዳር ካለ መከለያ ጋር ተጋጨ። ማክላረን ወዲያው ሞተ። ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ዓመት ነበር። አስከሬኑ ወደ አገሩ ተወስዶ በኦክላንድ ተቀበረ።

ብዙ ሰዎች ቡድኑ ከመሪው ጋር አብሮ እንደሚሞት አስበው ነበር። ዴኒ ሀልም እንኳ በዚያን ሰሞን በኢንዲያናፖሊስ እሳት እጆቹን አቃጥሎት በፋሻ ታስሮ ነበር። ነገር ግን ማክላረን በሞተ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 14፣ ቡድኑ በሞስፖርት ተሰልፎ፣ በእርሱ ቦታ የተተካው ዳን ገርኒ አሸነፈ። ሀልምም በቆሰሉ እጆቹ መሪ ይዞ የዚያን ዓመት ሻምፒዮንነት አገኘ። በ1974 ኤመርሰን ፊቲፓልዲ በማክላረን መኪና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከሃምሳ ዓመት በኋላም፣ በ2024፣ የማክላረን ቡድን የመኪና ሠሪዎቹን የዓለም ሻምፒዮና ዳግመኛ ወሰደ። ትንሿ ኦስቲን ሰባትም ሳትጣል ቀርታ፣ በእንግሊዝ አገር በዎኪንግ በሚገኘው የኩባንያው ዋና ሥፍራ ከታላላቆቹ መኪናዎች ጋር ለእይታ ቀርባለች።

ዛሬ በብዙ አገሮች ተራ ሰዎች የገዛ መኪናቸውን አሻሽለው፣ ከሕዝብ መንገድ በተለየ ሜዳ ላይ እየነዱ የዕረፍት ቀናቸውን ያሳልፋሉ። ማክላረን የሞተበት የጉድውድ ሜዳም ከእነዚህ ስፍራዎች አንዱ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የእርሱ ሕይወት ሁለት ትምህርት ትታለች። አንደኛው፣ ከኃይል አስቀድሞ ፍሬን፣ ጎማ፣ ዘይትና ማቀዝቀዣ መታየት እንዳለባቸው ነው። ሁለተኛውም፣ ሞተሩ ምንም ቢበረታ የመኪናው ጥንካሬ ከያዘው ማያያዣ እንደማይበልጥ ነው። እርሱን ያህል ጠንቃቃ የነበረ ሰው በመኪናው አካል መነቀል መሞቱ፣ ቡሎን ሁሉ በየጉዞው ፊት በእጅ ተነክቶ መፈተሽ እንዳለበት ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያስተምራል።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። ይህ ሰው ሁለት ዓመት አልጋ ላይ የዋለ፣ እያነከሰ የሚሄድ ልጅ ነበር። በሣጥን ተበታትኖ የመጣለትን አሮጌ ብረት አልናቀም። አባቱን ለመጠየቅ፣ ያበላሸውን ፈትቶ እንደገና ለመጀመር አላፈረም። የክፍል ትምህርቱንና የእጁን ሥራ አላለያየም። በእያንዳንዳችን ሰፈር ጋራዥ አለ፤ በእያንዳንዱም ጋራዥ ሥራ የሚያውቅ ትልቅ ሰው አለ። በትምህርት ቤት ስለ ግፊትና ስለ ሙቀት የምንማረውን በዚያ ሄደን በዓይናችን ብናየው፣ ብንጠይቅና መፍቻ ብናቀብል፣ ዕውቀታችን ከደብተር ወጥቶ ሥር ይሰድዳል። ማክላረን የጀመረው ከዚህ ነው፤ ከዚህ ለመጀመር ደግሞ የሚያግደን ነገር የለም።